ማጣሪያና ማረጋገጫ አንድ አይደሉም

በጉለሌ የምናገኛቸው እርጉዝ እናቶች ስለ ዳውን ሲንድረም ምርመራ ስለሚጠይቁን ጉዳዩን በአጭሩ ልናስረዳ ወደድን።

የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞዞም አለው። የፈረንሳዩ ሐኪም ዤሮም ሌዠንና ባልደረቦቹ በ1959 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፣ ዳውን ሲንድረም የሚመጣው 21ኛው ክሮሞዞም አንድ ትርፍ ሲኖረው ነው። እርግማን ወይም የእናቲቱ ጥፋት አይደለም። ዕድሉ ከእናት ዕድሜ ጋር ይጨምራል፤ በ40 ዓመት ከ100 እርግዝና ወደ 1 ይጠጋል። ይሁን እንጂ ለወጣት እናቶችም ያጋጥማል።

ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው። በማጣሪያው ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት በጽንሱ ማጅራት ያለው ፈሳሽ በአልትራሳውንድ ይለካል፤ የእናቲቱም ደም ይመረመራል። ይህ የሚናገረው ዕድሉን ብቻ ነው። «ዕድሉ ከፍ ያለ ነው» ከተባሉት እናቶች ብዙዎቹ ዳውን ሲንድረም የሌለው ልጅ ይወልዳሉ። ለማረጋገጥ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ከእንሽርት ውኃ በመርፌ ይቀዳል፤ ጥቂት የመጨንገፍ ስጋት ስላለው በሐኪም ምክር ይደረጋል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት እርግዝናን ማቋረጥን ስለሚፈቅድ፣ ልዩነቱን አለማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። በማጣሪያ ብቻ ማንም አይወስን።

ቀድሞ ማወቅ ለመዘጋጀትም ይረዳል። ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ፣ በጉለሌ እንዳለው ቅዱስ ጳውሎስ ባለ ትልቅ ሆስፒታል መውለድ ይበጃል።

ሠራተኞቻችን እናቲቱን አስቀድመው «የተደረገልሽ የትኛው ምርመራ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ምእመናንም ከሐሜት ተቆጥበው፣ ልጁ ሲወለድ እንደ ማንኛውም ሕፃን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ወይም «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው ቤቷ ይግቡ።