ከጥብቅና ወደ ችሎት፦ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ መንገድ

አሜሪካ ውስጥ ለፌዴራል ዳኝነት የሚሰጥ ፈተና የለም፤ የሥራ ማስታወቂያም ወጥቶ አይወዳደሩበትም። ሕገ መንግሥቱ የዕድሜ ገደብ አላስቀመጠም፤ የሕግ ዲግሪ እንኳ አይጠይቅም። ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፤ በቃ። እንዲያም ሆኖ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት በአብዛኛው በጥብቅና፣ በዐቃቤ ሕግነት ወይም በክፍለ ግዛት ዳኝነት ዓመታት የቆዩ ሰዎች ናቸው።

ይህን መንገድ ከኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ ሕይወት አስበልጦ የሚያሳየኝ የለም። ሞትሊ በ1921 እ.ኤ.አ. ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ፣ ከካሪቢያኗ ኔቪስ ደሴት ከመጡ ስደተኞች ተወለዱ። አባታቸው ምግብ አብሳይ ነበሩ። ለኮሌጅ የሚከፈል ገንዘብ ቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ ሞትሊ አንድ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ የሰማ የከተማው ባለሀብት ከፈለላቸው። በ1946 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። ከዚያ በፊት ግን በመብት ጠበቃው ቱርጉድ ማርሻል ሥር ለጥቁሮች መብት መሟገት ጀምረው ነበር። የትምህርት ቤት መድልዎን ሕገ ወጥ ያስባለውን የብራውን ክስ የመጀመሪያ አቤቱታ ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆመው ከተከራከሩባቸው 10 ጉዳዮች 9ኙን ረቱ። በ1962 የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ጥቁሩን ተማሪ ጄምስ ሜሬዲዝን እንዲቀበል የተገደደውም በእሳቸው ክርክር ነው።

ጥር 1966 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ለኒው ዮርክ ደቡባዊ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት አጯቸው። እጩዎችን የሚመረምረው የሴኔት ኮሚቴ ሰብሳቢ ደግሞ የዘር መለያየት ደጋፊው የሚሲሲፒ ሴናተር ጄምስ ኢስትላንድ ነበሩ። ሹመቱ ሰባት ወር ተጓተተ። ነሐሴ ላይ ጸደቀና ሞትሊ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የፌዴራል ዳኛ ሆኑ።

እስከ ሹመቱ ያለው መንገድ ፖለቲካ ነው። ዳኛው ከተሾመ በኋላ ግን የሾመው ፕሬዚዳንት ሊያነሳው አይችልም፤ ደመወዙም አይቀነስም። በተወካዮች ምክር ቤት ተከስሶ፣ በሴኔቱ ጥፋተኛ ካልተባለ ወንበሩን አያጣም፤ በአገሪቱ ታሪክ እንዲህ የተሻሩት 8 ዳኞች ብቻ ናቸው። በዲስትሪክት ፍርድ ቤቶች ያሉት ዳኞች አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን ያስችላሉ፤ ምስክር ይሰማሉ፣ ጁሪውን በሕጉ ይመራሉ፣ ቅጣት ይወስናሉ።

በ1975 ሴት ጠበቆች በጾታ መድልዎ የከሰሱት የሕግ ድርጅት ሞትሊ ከችሎቱ እንዲነሱለት ጠየቀ። ዘርና ጾታ ዳኛን የሚያስነሱ ከሆነ ከዚህ ፍርድ ቤት ይህን ጉዳይ የሚያይ ዳኛ አይገኝም ብለው ጥያቄውን ውድቅ አደረጉ። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጠው ወንበሩ የማይነቃነቅ ዳኛ ነው።

አንድ ነገር ለወገኖቻችን ላስታውስ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ የምትቀርቡበት የኢሚግሬሽን ዳኛ ወንበራቸው ከማይነቃነቅ ከእነዚህ ዳኞች አንዱ አይደለም። እሱ የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው፤ የዕድሜ ልክ ሹመት የለውም።

ዕድሜው 65፣ አገልግሎቱ 15 ዓመት የሞላው የፌዴራል ዳኛ የሚያየውን መዝገብ ቀንሶ፣ ደመወዙን ሳያጣ በአንጋፋ ዳኝነት መቀጠል ይችላል። ሞትሊ በ1986 ይህን መረጡ፤ በ84 ዓመታቸው፣ በ2005 እስኪያርፉ ድረስም ዳኛ ነበሩ።