በአሮጌ መኪና ሆድ ሥር ስለሚገኘው ፕላቲን

ፕላቲን የተባለው ክቡር ማዕድን በአገራችን በወለጋ፣ ዩብዶ በሚባል ስፍራ እንደሚገኝ በጂኦግራፊ ትምህርት ተምረናል። ይኸው ማዕድን በየጋራዡ ግቢ ከወደቀ አሮጌ መኪና ሥር ጭምር እንደሚገኝ የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ዕቃው ከመኪናው ከተፈታ በኋላ ማዕድኑ እንዲወጣ እንዴት እንደሚዘጋጅ ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ዕቃው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይባላል። የሚገኘውም በሞተሩና በማርሚታው መካከል፣ በጭስ መውጫው ቱቦ ላይ ነው። ከውጭ ሲያዩት የማይዝግ ቆርቆሮ ነው፤ በውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሴራሚክ አለ። ብዙውን ጊዜ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 60 ያህል ቀዳዳ ይቈጠራል። በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ በዓይን የማይታዩ የፕላቲን፣ የፓላዲየምና የሮዲየም ቅንጣቶች ተበትነዋል። እነዚህም መርዛሙን ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለውን ቤንዚን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውሃ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ደግሞ ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለውጣሉ።

በኬሚስትሪ ክፍል እንደ ተማርነው ካታሊስት ማለት ሥራውን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን የማያልቅ ነገር ነው። ስለዚህ መኪናው ቢያረጅም ማዕድኑ አብዛኛው በቦታው ይቀራል። በደቡብ አፍሪካ፣ በቡሽቬልድ፣ አንድ ቶን ድንጋይ ከምድር ተቈፍሮ የሚገኝበት ክቡር ማዕድን ከ3 እስከ 6 ግራም ያህል ነው። በአንዲት መኪና ኮንቨርተር ውስጥ ያለው አንድ ኪሎ ያህል ሴራሚክም ጥቂት ግራም ይይዛል። እንግዲህ አንድ ኪሎ ሴራሚክ መጣል ብዙ ኩንታል የማዕድን ድንጋይ እንደ መጣል ነው።

ባለፈው ክረምት በአጎቴ ጋራዥ ስረዳ ያየሁት ግን ይህንኑ ነው። አንድ ቆራሌ ዕቃውን በብረትነቱ በኪሎ ገዝቶ በመዶሻ ሰበረው፤ ቆርቆሮውን በጆንያ ከቶ «ድንጋዩን» ከቦይ ዳር ደፋው። አቧራው በነፋስ ተነሣ፤ ልጆችም ስብርባሪውን አንሥተው ይጫወቱበት ነበር። በዚህም ሀብት ጠፋ፤ የሰው ሳንባም ተጎዳ።

ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ መለየት። ሴራሚኩ፣ ከብረት ቅጠል የተሠራውና የናፍጣ መኪና ጥላሸት ማጣሪያ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ከጥላሸት ማጣሪያዎቹ ብዙዎቹ ከሲሊኮን ካርባይድ የተሠሩ ስለ ሆኑ በምድጃ በቀላሉ አይቀልጡም። በቆርቆሮው ላይ የታተመው ቍጥርም ይመዘገባል።

ሁለተኛ፣ መክፈት። ቆርቆሮው በዘይት ግፊት በሚሠራ ትልቅ መቀስ ይቈረጣል። ሥራው አቧራ የሚስብ መሣሪያ ባለበት ክፍል ይሠራል። በሴራሚኩ ዙሪያ የተጠቀለለው ጭረታማ ምንጣፍ ሳንባን ስለሚጎዳ ሠራተኛው ተራ ጨርቅ ሳይሆን የአቧራ ማጣሪያ ጭምብል ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ መፍጨት። ሴራሚኩ የብረት ኳሶች ባሉበት በሚሽከረከር በርሜል ይደቅቃል፤ በወንፊት ይነፋል፤ የብረት ፍርፋሪው በማግኔት ይለቀማል። በመሳቢያው ማጣሪያ የተያዘው አቧራም ከዱቄቱ ጋር ይደባለቃል እንጂ አይጣልም።

አራተኛ፣ ናሙና መውሰድ። ከጆንያ አፍ አንድ እፍኝ ብቻ ቆንጥሮ እህሉን ሁሉ መዳኘት እንደማይቻል፣ ዱቄቱም በሚገባ ተደባልቆ እኩል እየተከፈለ ናሙና ይወጣለታል። ናሙናው በእሽግ ለሻጭና ለገዢ ይሰጣል፤ ሁለቱ ባይስማሙ ለዳኛ የሚሆን ሦስተኛ ይቀመጣል። እርጥበትና ጥላሸት እንደ ማዕድን እንዳይመዘኑም በእሳት ይወገዳሉ። የሚከፈለው ገንዘብ በዚህች ናሙና ስለሚወሰን እዚህ ላይ ያለ ግድየለሽነት ከስርቆት አይተናነስም።

ከዚህ በኋላ ዱቄቱ በቤልጅግ አገር በሆቦከን እንዳለው የኡሚኮር ፋብሪካ ወዳለ ታላቅ ማጣሪያ ይላካል። በእንዲህ ያለ ሥራ ዱቄቱ በምድጃ ሲቀልጥ እንደ መዳብ ያለ ብረት ክቡሩን ማዕድን ሰብስቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሴራሚኩ ዝቃጭ ከላይ ይንሳፈፋል። ይህን በጓዳ በአሲድ ልሞክር ማለት ግን ጭሱ የሚገድል ስለ ሆነ ፈጽሞ አይገባም።

ጋራዥ ያላችሁ ወላጆች ሆይ! ከአሮጌ መኪና የተፈታውን ኮንቨርተር አትስበሩት፤ ሳይከፈት፣ ዝናብ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጣችሁ ዋጋውን ለሚያውቅ ሽጡት። ከሚሠራ መኪና ላይ ግን ለገንዘብ ብላችሁ አታስፈቱት፤ የምንተነፍሰውን አየር የሚጠብቅልን እርሱ ነውና። እኛም ተማሪዎች «ድንጋይ» ብለን የምንረግጠውን ነገር ምን እንደ ሆነ አስቀድመን እንመርምር።