ዋናው፣ የታደሰውና አምሳያው

የሰው እጅ የሠራው ነገር ሁሉ በዘመን ብዛት ያረጃል። ያረጀውን ማደስ አንድ ነገር ነው፤ አምሳያውን አዲስ አድርጎ መሥራት ግን ሌላ ነው። ይህን ልዩነት በሁለት ምሳሌዎች እንመልከት።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ አስቀድሞ ዳግማዊ ምኒልክ የተቀመጡበት የእንጦጦ ቤተ መንግሥት የተሠራው ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከእንጨት ሲሆን ክዳኑ ሣር ነው። የበሰበሰ ሣር በሌላ ካልተተካ የጭቃው ግድግዳ በዝናብ ይፈርሳል። ስለዚህ ሣሩ ቢለወጥም ቤቱ የምኒልክ መባሉ አይቀርም። በሌላ ስፍራ እርሱን የመሰለ ቤት ቢታነጽ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አምሳያ እንጂ ዋናው አይሆንም።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 በፈረንሳይ አገር፣ ሌ ማን በተባለው ከተማ የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈችው የቤንትሌይ መኪና ክፍሎቿ በየጊዜው ተለዋውጠው ነበር። በኋላ ስትሸጥ ገዢው «እውነተኛዋ አይደለችም» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው እ.ኤ.አ. በ1990 በሰጡት ፍርድ፣ ከጥንቱ ዕቃ የቀረው ጥቂት ቢሆንም ታሪኳ ስላልተቋረጠ መኪናዋ ያችው ናት አሉ።

እንግዲህ እድሳት የሚነቀፈው አዲሱን አሮጌ አስመስሎ ሲያቀርብ ነው። የሚያድስ ሰው ምን፣ መቼና ለምን እንደ ለወጠ ጽፎ ማቆየት ይገባዋል። አለዚያ ተከታዩ ትውልድ የጥንቱን ሥራ ከትናንቱ ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል።