ኮምፒውተር መቼ ይበቃናል?

እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካ ውስጥ እነ ጆን ፎን ኖይማን ኤኒያክ በተባለው ግዙፍ ኮምፒውተር የመጀመሪያውን የአየር ጠባይ ትንበያ አሰሉ። የ24 ሰዓቱን ትንበያ ለማውጣት 24 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። በዚህ አካሄድ ትንበያው ከዝናቡ እኩል ይደርሳል ማለት ነው። በ2008 ያው ስሌት ኖኪያ 6300 በተባለች ተራ የእጅ ስልክ ላይ ሲደገም አንድ ሰከንድ እንኳ አልፈጀም።

ተንባዮቹ ግን ዛሬም ፈጣን ማሽን እንደተራቡ ናቸው። የሚያሰሉት ምድርን በትንንሽ ካሬዎች ሸንሽነው ነው። የካሬውን ጎን በግማሽ ሲያሳጥሩ የካሬዎቹ ቁጥር አራት እጥፍ ያድጋል፤ በስሌቱ ውስጥ ጊዜው የሚራመድበት ልክም በግማሽ ማጠር ስላለበት ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለው ፍላጎት ጣሪያ የለውም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ባሰ። በ2012 ዘርፉን ያነቃቃው አሌክስኔት የተባለው ሞዴል የሠለጠነው በሁለት የጌም ግራፊክስ ካርዶች ነበር፤ ዛሬ ትልልቆቹ ሞዴሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቺፖችን ለወራት ይይዛሉ፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታቸውም የመንግሥታት ራስ ምታት ሆኗል።

በአቅርቦት በኩል ለአርባ ዓመት ያህል ጥጋብ ነበር። ጎርደን ሙር በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆኑ ጻፈ፤ በ1975 ደግሞ «በየሁለት ዓመቱ» ብሎ አረመው። የኢንቴል 4004 በ1971 ሲወጣ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ የዛሬዎቹ በቢሊዮን ይቆጠራሉ። ትራንዚስተሩ ባነሰ ቁጥር ፍጥነቱ እንደ ምርቃት ይከተል ነበር። በ2004 ገደማ ግን ሙቀት መንገዱን ዘጋው። ፔንቲየም 4 በ3.8 ጊጋኸርዝ ላይ ቆመ፤ ኢንቴልም ቀጣዩን ፈጣን ቺፕ ሰርዞ በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ኮር (ራሱን የቻለ አስሊ ክፍል) ወደ መደርደር ዞረ። ኮር ማብዛትም ወሰን አለው። ጂን አምዳል በ1967 እንዳሳየው፣ ከሥራው አንድ አሥረኛው ተከፋፍሎ የማይሠራ ከሆነ ሺህ ኮር ቢደረደር እንኳ ፍጥነቱ ከአሥር እጥፍ አያልፍም።

ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ኤክሴል የሚሞላ፣ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ፍላጎት ግን ልክ አለው፤ ልኩም የራሳችን አእምሮ ነው። ከሮበርት ሚለር የ1968 ጥናት ወዲህ በሚሠራበት መለኪያ መሠረት በ0.1 ሰከንድ የመጣ ምላሽ ወዲያው እንደመጣ ይቆጠራል፤ 10 ሰከንድ ካለፈ ሐሳባችን ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህን ማሟላት የሚችል ማሽን ከተሠራ ቆይቷል። ታዲያ ዛሬም «ሃንግ አደረገ» እያልን የምንማረር ከሆነ ጥፋቱን በአብዛኛው የምጥለው በሶፍትዌሩ ላይ ነው። ዊንዶውስ 95 ቢያንስ 4 ሜጋባይት ራም ይጠይቅ ነበር፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። የምንጽፈው ደብዳቤ ሺህ እጥፍ አልረዘመም። ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት ሃርድዌር ከሚፈጥነው በላይ ሶፍትዌር እየተንቀራፈፈ መሆኑን በ1995 ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም።

ክብደቱ ሁሉ ብክነት ነው ማለቴ አይደለም። ለደኅንነት ጥበቃ፣ ጥራት ላለው ስክሪን፣ በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ የገባውን ፊደላችንን ጨምሮ ለዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ የዋለም አለ። የቀረው ግን ግዴለሽነት ነው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው የሚሞክረው በአዲስና ውድ ማሽን ላይ ስለሆነ ክብደቱ አይታየውም፤ የሚታየው አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ለሚሠራው ተማሪ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተርዎ ቢንቀራፈፍ አዲስ ለመግዛት አይቸኩሉ። ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ማከማቻ ያስቀይሩ፣ ከተቻለ ራም ያስጨምሩ፣ ማሽኑ ሲበራ አብረው የሚነሡትን የማይፈልጓቸውን ፕሮግራሞች ያጥፉ። ለአብዛኛው የቢሮና የቤት ሥራ ያ ይበቃል።