«ደብሮኛል» ሲል ምን ማለቱ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያደገ የ16 ዓመት ልጅ «እማዬ፣ ደብሮኛል» አለ እንበል። እናቱ «ታዲያ ወጣ ብለህ ኳስ አትጫወትም?» ትለዋለች። አይፈረድባትም። እኛ ቤት ደበረኝ ማለት ሰለቸኝ ማለት ነው። ልጁ ግን እንቅልፍ አጥቷል፣ ምግብ አስጠልቶታል፣ ኳሱንም ከተወው ሰንብቷል። በእንግሊዝኛ ስሙን የሚያውቀውን ሕመም በአማርኛ ሲፈልግ ያገኘው ቃል ይኸው ነው። ሐኪሞቻችንም «ድብርት» ነው የሚሉት። በእኔ እምነት ስሙ ራሱ ሕመሙን አቅልሎታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቃል ደግሞ «እብደት» ነው፤ መሀል ላይ ባዶ ነው።

የአሜሪካ የጤና ጉዳዮች የበላይ ኃላፊ የነበሩት ዴቪድ ሳቸር በ2001 ባወጡት ሪፖርት፣ አናሳ ማኅበረሰቦች የአእምሮ ሕክምና የማግኘት ዕድላቸው ከነጮች ያነሰ፣ የሚያገኙትም ሕክምና ብዙ ጊዜ ጥራቱ ዝቅ ያለ መሆኑን አስፍረዋል። አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። ብዙ ቤት አስተርጓሚው ልጅ ነው። ታማሚው ራሱ ሲሆንስ? «ራሴን ላጠፋ አስቤ ነበር» የሚለውን የትኛው ልጅ ለእናቱ ይተረጉማል?

ሕጉ ይህን ያውቃል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይችልም። «አስተርጓሚው የሰፈራችን ሰው ሆኖ ወሬው ዕድር ቢገባስ?» የሚል ስጋት ካለዎት ሌላ ከተማ ያለ ሰው በስልክ እንዲያስተረጉምልዎ ይጠይቁ።

ባህልን ያገናዘበ ሕክምና ግን ከትርጉም ያልፋል። (ግድግዳ ላይ ሞሰብ መስቀልም አይደለም።) የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያሳተመው መመሪያ ለዚህ 16 ጥያቄዎች ያሉት ቃለ መጠይቅ አለው፤ ሕመሙን ቤተሰቡ ምን ብሎ ይጠራዋል? ከምን መጣ ይላል? እስካሁን የት ሄዳችሁ? ጥሩ ሐኪም ጸበል መሄዳችሁን ሲሰማ ፊቱን አያጨማድድም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ብቻ ይነጋገራል። ካልጠየቃችሁም እናንተው ንገሩት።

ልጅዎ ራሱን ስለማጥፋት ካነሳ ቀጠሮ አይጠብቁ። አሜሪካ ውስጥ 988 የተባለው የእርዳታ ስልክ መስመር ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ።