የምስል መጠንና የፊደላችን ተነባቢነት በኢንተርኔት ማስታወቂያ



የወግዲን ጤፍ ለአዲስ አበባ ሸማች በፌስቡክ ብናስተዋውቅ፣ የምስሉን መጠን ከምን ተነሥተን እንወስናለን? የተለመደው መልስ ሠንጠረዥ ማየት ነው፤ አግድሙ 1200 በ628፣ ካሬው 1080 በ1080፣ የቆመው 1080 በ1350 ፒክስል። እኔ ግን ከፊደላችን እንድንነሣ እመክራለሁ።

ስፋቱ 360 የማሳያ ነጥብ በሆነ ስልክ ላይ አግድሙ ምስል ወደ ሦስት ዐሥረኛው ይወርዳል፤ በ40 ፒክስል የተጻፈ ፊደልም 12 ነጥብ ብቻ ይሆናል። በእኛ ጽሕፈት ደግሞ አናባቢውን የምትለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ከ«ጤ» እግር ሥር ያለችው ቀለበት ከዐይን ከተሰወረች ጤፋችን «ጠፍ» ተብሎ ይነበባል። (ገበሬው ቢያየው ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።)

ስለዚህ ለስልክ የቆመውን እመርጣለሁ። በዚያው ስልክ ላይ የአግድሙ ቁመት 188 ነጥብ ገደማ ሲሆን የዚህኛው 450 ነው፤ ጽሑፉን በሁለት መስመር ከፍሎ ፊደሉን ለማጉላት ቦታ ይሰጣል። ጎግል በድረ ገጾች ላይ በሚያሳየው 320 በ50 ግን ከምርቱ ስምና ከዋጋው በቀር ምንም ባይጻፍ ይሻላል፤ የፋይሉም ክብደት ከ150 ኪሎባይት እንዲበልጥ አይፈቀድም።

ሥራውንም በሰፊ የኮምፒውተር ገጽ ላይ አይታችሁ አታጽድቁ። በአነስተኛ ስልክ ክፈቱትና ዋጋውን ምስሉን አስቀድሞ ላላየ ሰው አስነብቡ።