ለእያንዳንዱ ባልደረባ የሥራ ድርሻ ስለ መስጠት
(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)



በአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ባልደረባ መጣ እንበል። ወንበር ተሰጠው፤ ሰላምታም አልተነፈገውም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ «አንተ አረፍ በል» ሲባል ዋለ፤ ወሩም በዚሁ አኳኋን አለፈ። ይህ ሰው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ወጣት ቢሆን፥ ብዙዎቻችን የተደረገለትን እንደ በጎ አድራጎት እንቈጥረው ይሆናል። ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን ወንበር እንጂ ሥራ እንዳልተሰጠው እንረዳለን።

አስቀድሞ የቃሉን ትርጉም መለየት ያስፈልጋል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ማለት ከልጅነት የሚጀምር፥ የመማርንና የማመዛዘንን ችሎታ፥ የዕለት ኑሮንም ማከናወን የሚያውክ ሁኔታ ነው። ብዙ ሰዎች ከአእምሮ ሕመም ጋር ያደባልቁታል። የአእምሮ ሕመም ግን በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣና በሕክምና ሊሻል የሚችል ሲሆን፥ ውስንነቱ ከሰው ጋር ዕድሜ ልክ የሚኖር ነው። ይህም ቢሆን ሰውየው አይማርም ማለት አይደለም። በተግባር እያየና እየደጋገመ፥ በራሱ ፍጥነት ይማራል፤ የውስንነቱም መጠን ከሰው ሰው ይለያያል።

ይህን እውነት በሥራ ላይ ካዋሉት አንዱ በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት፥ በሲንሲናቲ ከተማ የሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ኃላፊ የነበሩት ነርስ ኤሪን ሪል፥ የሕክምና ዕቃዎችን በየመደርደሪያው እንዲሞሉ የሚቀጠሩ ሰዎች ብዙ ሳይቈዩ ሥራውን እየተዉ መሄዳቸውን ተመለከቱ። ሥራው በየቀኑ አንድ ዓይነት፥ ቅደም ተከተሉ የታወቀና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ስለነበረ፥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሠልጥነው ሊይዙት እንደሚችሉ አሰቡ። ከአንድ የሙያ ትምህርት ቤትና ከአካባቢው የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋር ተባብረውም ጀመሩት። ይህም ፕሮጀክት ሰርች የተባለው ሥልጠና ሲሆን፥ በኋላ ወደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶችና እስከ ብሪታንያ ድረስ ተዛምቷል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ወጣቶቹ የመጨረሻውን የትምህርት ዓመታቸውን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሳልፋሉ። እዚያው በተዘጋጀ ክፍል ጥቂት ይማሩና ወደየሥራቸው ይሠማራሉ፤ በዓመቱም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ይለማመዳሉ። በየክፍሉ ሥራውን የሚያሳይ አንድ ሠራተኛ አለ፤ አሠልጣኝም ይከታተላቸዋል። ወጣቱ ሥራውን እየለመደ ሲሄድ አሠልጣኙ እየራቀ ይሄዳል።

እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ ይህን ለመሞከር ብትነሡ፥ መጀመሪያ የሚለወጠው የአለቃው ትእዛዝ አሰጣጥ ነው። «መዝገብ ቤቱን አስተካክል» ማለት ለማንም ቢሆን ግልጽ አይደለም። «የገባውን ደብዳቤ ውሰድ፤ የቀኑን ማኅተም ምታበት፤ በቍጥሩ ተራ አስቀምጠው፤ ስትጨርስ ንገረኝ» ቢባል ግን መንገዱ ይታወቃል። ይኸው ቅደም ተከተል በሥዕል ተዘጋጅቶ ከጠረጴዛው አጠገብ ቢለጠፍ፥ የሚጠይቀው አንድ ባልደረባም ቢመደብለት መልካም ነው። የሥራው ልማድ በድንገት የሚለወጥ ከሆነም አስቀድሞ ይነገረው።

ሁለተኛው ጉዳይ አክብሮት ነው። የሠላሳ ዓመት ጐልማሳ «ማሙሽ» ተብሎ አይጠራም። ጥያቄ ሲኖር አብሮት ለመጣው ወንድሙ ሳይሆን ለራሱ ይቅረብለት። ሲሳሳት እንደ ሌላው ይታረም፤ ደመወዙም እንደ ሥራው ይከፈለው። ከመሥሪያ ቤቱ ዕድርና ከቡናው ሰዓትም አይለይ።

ድካም የለውም አንልም። የሚያስተምረው ባልደረባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱ ሥራ ሊጓተትበት ይችላል፤ ሥራ ሁሉም ለሰው ሁሉ አይስማማም። ሆኖም ጉዳዩ ለፈቃዳችን ብቻ የተተወ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቍጥር 568፥ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል፤ አሠሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያዘጋጅና ረዳት እንዲመድብ ያዛል። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለች።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ከሃምሳው አንዱ ባዶ እጁን ቢቀመጥ፥ የእርሱን ሎሚ የሚሸከም ሌላ ሰው መኖሩ የማይቀር ነው። ስለዚህ ነገ ጧት ወደ ቢሮአችሁ ስትገቡ፥ «አረፍ በል» የተባለ ባልደረባ እንዳለ ተመልከቱ፤ ካለም የትኛውን ሥራ ልታሳዩት እንደምትችሉ አስቡ።